ፀሐይዋ ሜዳ ላይ፣ እኛ ወንበር ላይ

በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚጫወት ኳስ ተጫዋች ምን ይጎድለዋል? ደመወዙ የሚነገረው በሳምንት ነው። ቁርሱን የሚመርጥለት የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ጡንቻውን የሚያፍታታለት ወጌሻ፣ እንቅልፉን ሳይቀር የሚከታተልለት ሰው አለው። ይሁን እንጂ የሊቨርፑል ጆን ሙርስ ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ሞርተንና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከእነዚህ ባለ ሚሊዮን ፓውንድ ተጫዋቾች ደም ውስጥ የጎደለ ነገር አገኙ። የጎደለው ቫይታሚን ዲ ነው። ዋነኛ ምንጩ ደግሞ እኛ አገር በነፃ የምትወርደው ፀሐይ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። የ20 የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች ደም ሁለት ጊዜ ተመረመረ። የመጀመሪያው ሊጉ በሚጀመርበት በኦገስት፣ ሁለተኛው በዲሴምበር። በኦገስት የተጫዋቾቹ አማካይ መጠን በሊትር 104 ናኖሞል ነበር። በዲሴምበር 51 ሆኖ ተገኘ። በአራት ወር ውስጥ ግማሹ ተነነ ማለት ነው። በብዙ ባለሙያዎች ዘንድ «እጥረት» የሚባለው ከ50 በታች ሲሆን ነው፤ በዲሴምበሩ ምርመራ ከሃያዎቹ 13ቱ ከዚህ መስመር በታች ወርደው ነበር።

ጊዜውን ልብ በሉልኝ። ዲሴምበር የሊጉ ፋታ የለሽ ወር ነው። በፈረንጆቹ ገና ሰሞን በሳምንት ሁለትና ሦስት ጨዋታ ይደረጋል፣ ሜዳው ይከብዳል፣ የጉዳት ዝርዝር ይረዝማል። አጥንትና ጡንቻ ከምንጊዜውም በላይ በሚፈተኑበት ሰሞን ሁለቱንም የሚያገለግለው ቫይታሚን ወለል ይነካል።

ይህን ያነበበ የአዲስ አበባ ደጋፊ «እኛ ጋ እንኳን ፀሐይ ሞልቷል» ብሎ ገጹን ሊገለብጥ ይችላል። ቆይ አይቸኩል! የዚህ ጨዋታ ሁለተኛ አጋማሽ የሚካሄደው እዚሁ እኛ ሜዳ ላይ ነው። ውጤቱም እንደምናስበው አይደለም።

ቆዳ ይጀምራል፣ ጉበት ያቀብላል፣ ኩላሊት ያገባል

በመጀመሪያ ቫይታሚኑን እንተዋወቀው። ስሙ ቫይታሚን ይባል እንጂ ሥራው የሆርሞን ነው። አብዛኞቹን ቫይታሚኖች ከምግብ ካላገኘናቸው የምናመጣበት ቦታ የለም። ይህኛውን ግን ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። የሚፈልገው ፀሐይን ብቻ ነው።

ቆዳችን ውስጥ የኮሌስትሮል ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር አለ። ዩቪቢ የሚባለው የፀሐይ ጨረር ሲያርፍበት ወደ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል። ይህ ግን ገና ተቀያሪ ወንበር ላይ ያለ ተጫዋች ነው። በደም ተጭኖ ወደ ጉበት ይሄዳል፣ ጉበት አንድ ደረጃ ያሳድገዋል። ላቦራቶሪ ደማችንን ሲመረምር የሚለካው ይህንን ጉበት ያሳለፈውን ዓይነት ነው። ቀጥሎ ኩላሊት ይቀበለውና የመጨረሻውን ቅርፅ ይሰጠዋል። አሁን ሜዳ መግባት ይችላል።

ሜዳ ገብቶ ምን ይሠራል? ዋነኛ ሥራው አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየም እንዲቀበል ማድረግ ነው። ቫይታሚን ዲ በሌለበት ከምንበላው ካልሲየም ወደ ሰውነታችን የሚገባው ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው። በበቂ ሁኔታ ሲኖር ከ30 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። ካልሲየም ደግሞ የአጥንት ነገር ብቻ አይደለም። ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ልብ የሚመታው በእሱ ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲቀንስ ሰውነት ዝም ብሎ አያይም። አንገት ላይ ያሉ ትንንሽ ዕጢዎች ትዕዛዝ ያስተላልፉና ካልሲየም ከአጥንት ላይ ተቀንሶ ወደ ደም ይገባል። አጥንት ባንክ ነው ማለት ይቻላል። ሳያስገቡ ሁልጊዜ ወጪ ማድረግ ደግሞ መጨረሻው ኪሳራ ነው። በሕፃን ላይ ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መለስለስና መጉበጥ፣ በአዋቂ ላይ የአጥንት ሕመምና የታፋ ጡንቻ መድከም የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ አይዘንጋ። አንደኛ፣ ዩቪቢ የመስኮት መስታወት አያልፍም። ቢሮ ውስጥ መስታወት አጠገብ ተቀምጦ ወይም ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ሆኖ ፀሐይ የሞቀ ሰው ሙቀቱን እንጂ ቫይታሚኑን አላገኘም። ሁለተኛ፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል ዩቪቢ ረጅም የአየር ንጣፍ ማቋረጥ ስላለበት መንገድ ላይ ይቀራል። በሰሜን እንግሊዝ ከኦክቶበር ጀምሮ እስከ ማርች ፀሐይ እኩለ ቀን ላይም ቢሆን ዝቅ ብላ ነው የምትታየው። ተጫዋቾቹ በየቀኑ ውጪ ልምምድ እየሠሩም ደማቸው የደረቀው ለዚህ ነው።

ፈርጉሰን ያስገቧቸው ሳጥኖች

ጉዳዩን ቀድመው ካጤኑት አሰልጣኞች አንዱ ስኮትላንዳዊው ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ናቸው። የማንቸስተር ሰማይ ደመናማ መሆኑን የሚያውቁት ሰር አሌክስ በካሪንግተን የልምምድ ማዕከል ተጫዋቾቻቸው እየገቡ ለጥቂት ደቂቃ የሚቆሙባቸው ሰው ሠራሽ ጨረር የሚሰጡ ሳጥኖች አስገብተው ነበር። ፀሐይ ወደ ኦልድ ትራፎርድ ካልመጣች ፀሐይን በኤሌክትሪክ መሥራት ነው እንግዲህ!

ሐሳቡ ግን የቀያይ ሰይጣኖቹ ፈጠራ አልነበረም። በ1938 በሶቪየት ኅብረት ጥቂት ተማሪዎች ለ100 ሜትር ሩጫ እየተዘጋጁ ሳለ ገሚሶቹ የጨረር መብራት እንዲሞቁ ተደረገ። ሁለቱም ወገኖች እኩል ልምምድ ሠርተዋል። መብራት የሞቁት ሰዓታቸውን በ7.4 በመቶ ሲያሻሽሉ ያልሞቁት ያሻሻሉት 1.7 በመቶ ነበር ተብሎ ተዘገበ። በእርግጥ የተማሪዎቹ ቁጥር በጣም ትንሽ ስለነበር ማንም በዚህ ላይ ቤት አይሠራም። ጥያቄው ግን ተከፈተ።

ታዲያ ቫይታሚን ዲ እውነት ያስሮጣል? እዚህ ላይ ሳይንሱ አቻ ወጥቷል ማለት ይቀላል። የሊቨርፑሉ ግሬም ክሎስ በ2013 ባወጣው ጥናት በክረምት ከመረመራቸው 61 የብሪታንያ ፕሮፌሽናል ስፖርተኞች 62 በመቶዎቹ እጥረት ነበረባቸው። ከዚያ ለጥቂት ሰዎች በየቀኑ 5 ሺህ ዩኒት ለስምንት ሳምንት ሲሰጥ የ10 ሜትር ፍጥነታቸውና ዝላያቸው ተሻሻለ። ደስ ይላል! ነገር ግን ይኸው ተመራማሪ በዚያው ዓመት ባወጣው ሌላ ጥናት በሳምንት 20 ሺህና 40 ሺህ ዩኒት ለ12 ሳምንት ሰጥቶ ቫይታሚኑ በደም ውስጥ ከፍ አለ እንጂ ዝላይም ፍጥነትም ንቅንቅ አላለም።

ከግሪኳ ደሴት ከቀርጤስ የመጣው ውጤት ደግሞ ፈገግ ያሰኛል። በ2014 የወጣው ጥናት የሁለት ክለብ 67 ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን በውድድር ዘመኑ ማብቂያና ከስድስት ሳምንት ዕረፍት በኋላ መርምሯል። በሁለቱም ጊዜ ብዙ ቫይታሚን ዲ ያላቸው ተጫዋቾች የተሻለ ይዘሉና ይሮጡ ነበር። ከዕረፍቱ በኋላ ግን የሁሉም ቫይታሚን በበጋው ፀሐይ ጨምሮ ሳለ ብቃታቸው ወርዶ ተገኘ። ለምን? ልምምድ አልሠሩማ! ፀሐይ ልምምድን አትተካም።

ጠንከር ያለ ማስረጃ ያለው በአጥንት በኩል ነው። በ2008 በወጣ ጥናት 5,201 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሴት ምልምሎች ተካፍለው ነበር። ለገሚሶቹ በየቀኑ ካልሲየምና 800 ዩኒት ቫይታሚን ዲ፣ ለገሚሶቹ ምንም የሌለበት ኪኒን ተሰጠ። በመጀመሪያዎቹ ላይ በጫና ብዛት የሚመጣው የአጥንት ስንጥቅ በ20 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። አንድ ተከላካይ በዚህ ስንጥቅ ምክንያት ለወራት ከሜዳ ሲርቅ ለክለቡ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

የዶሃ እንቆቅልሽ

እንግሊዝ ደመና ናት፣ ይሁን። ኳታርስ? ሙቀቱ እንደ ምድጃ ስለሆነ የ2022 የዓለም ዋንጫ ከጁንና ጁላይ ተነስቶ ወደ ኖቬምበርና ዲሴምበር የተዘዋወረባት አገር ናት። እዚያ እንኳ የፀሐይ ችግር ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር የለም።

በዶሃ የሚገኘው አስፔታር የስፖርት ሕክምና ሆስፒታል ባለሙያዎች ግን ጠረጠሩ። በ2010 ባወጡት ጥናት ከመረመሯቸው 93 የመካከለኛው ምሥራቅ ስፖርተኞች 91 በመቶዎቹ ቫይታሚን ዲ እጥረት ነበረባቸው። በ2014 ደግሞ 342 ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ተጫዋቾችን መርምረው 84 በመቶው በሊትር ከ75 ናኖሞል በታች፣ 12 በመቶው ደግሞ ከ25 በታች ሆነው አገኟቸው። ፀሐይዋ ከሊቨርፑል ይልቅ ዶሃን ብትወድም የዶሃ ልጆች ከሊቨርፑል ልጆች አልተሻሉም።

ምስጢሩ ከባድ አይደለም። ፀሐይዋ ስለበረታች ሰዉ ይሸሻታል። ልምምድ የሚሠራው ከመሸ ነው፣ ቀኑ የሚያልፈው አየር ማቀዝቀዣ ባለው ክፍል ውስጥ ነው፣ መንገድ የሚኬደው መስታወቱ በተዘጋ መኪና ነው። በዚያ ላይ የጠቆረ ቆዳ ከፀሐይ ቃጠሎ የሚከላከል ሜላኒን በብዛት ስላለው ያንኑ ያህል ቫይታሚን ለመሥራት ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ከዶሃ የምንማረው ይህን ነው፤ ፀሐይ ሰማይ ላይ መኖሯና ፀሐይ ቆዳ ላይ ማረፏ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በእርግጥ ሚዛናዊ ለመሆን አንድ ነገር መጨመር አለበት። የዶሃ ባለሙያዎች የ342ቱን ተጫዋቾች የእግር ጡንቻ ጉልበት ሲለኩ ቫይታሚኑ ባነሰባቸውና ባላነሰባቸው መካከል ልዩነት አላገኙም። ቁጥር መውረዱ ብቻውን በሽታ ነው ማለት አይደለም።

ኖርዌይ 1፣ ኢትዮጵያ 0

አሁን ወደ ራሳችን ሜዳ እንምጣ። በ1999 ኢትዮጵያውያንና ኖርዌጂያውያን ተመራማሪዎች አንድ ላይ ሆነው የሁለቱን አገር ሰዎች ደም አነጻጸሩ። በአንድ በኩል በክረምት ፀሐይ የምትናፍቅ ሰሜናዊ አገር፣ በሌላ በኩል «13 ወር ፀሐይ» ተብሎ ለቱሪስት የሚነገርላት አገር። ማን ያሸንፋል? ያሸነፈችው ኖርዌይ ናት። በኢትዮጵያውያኑ ደም ውስጥ የተገኘው ቫይታሚን ዲ ከኖርዌጂያውያኑ ያነሰ ነበር።

«በአንድ ጨዋታ አይፈረድም» የሚል ካለ የመልሱ ጨዋታ በአዳማና በዙሪያዋ ተካሂዷል። በ2015 የታተመው ይህ ጥናት ርዕሱ ላይ የ13 ወር ፀሐይዋን አገር ጠቅሶ ይጀምራል። የተመረመሩት 174 የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ከሁሉም 42 በመቶዎቹ እጥረት ተገኘባቸው። ትልቁ ነገር ግን ልጆቹ ለሁለት ሲከፈሉ የታየው ነው። ከገጠር ልጆች እጥረት ያለባቸው 21.2 በመቶ ሲሆኑ ከከተማ ልጆች 61.8 በመቶ ሆኑ። ሰማዩ አንድ፣ ፀሐይዋ አንድ፣ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ገደማ!

ለልዩነቱ አብረው ከታዩት ነገሮች አንዱ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ወይም ኮምፒውተር መኖሩ ነው። የገጠሩ ልጅ ከብት ሲያግድ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ሜዳ ላይ የጨርቅ ኳስ ሲያሯሩጥ ይውላል። የከተማው ልጅ ጠዋት በሰርቪስ ይሄዳል፣ ክፍል ውስጥ ይውላል፣ ማታ በሰርቪስ ይመለሳል፣ ቅዳሜና እሁድ ማጠናከሪያ ትምህርት ወይም ፕሌይስቴሽን ላይ ነው። በሌላው ነገር ሁሉ ተመቸው የምንለው ልጅ በዚህ ተሸነፈ።

ነገሩ አዲስ ግኝት እንዳይመስለን። ፖላንዳዊው ሐኪም ስኒያዴትስኪ የከተማ ልጆች በሪኬትስ እየተሠቃዩ የገጠር ልጆች ለምን ይድናሉ ብሎ የጠየቀው በ1822 ነው፤ መልሱንም ፀሐይ ነው ብሎ ነበር። ቫይታሚኑ ስም የወጣለት ከዚያ ከ100 ዓመት በኋላ ነው።

ይህ ጉዳይ የቁጥር ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ቦታ ባልያዘ። በ1997 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ጥናት ግን የሚያስደነግጥ ነው። ሐኪሞቹ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 500 የሳንባ ምች የያዛቸውን ሕፃናት የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። የሳንባ ምች ከያዛቸው መካከል ሪኬትስ ያለባቸው 210 ነበሩ። ከሌሎቹ መካከል 20 ብቻ። ሌሎች ምክንያቶች ሁሉ ከግምት ገብተው እንኳ ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የጎድን አጥንት ሲለሰልስ፣ የደረት ጡንቻ ሲደክም ሕፃኑ አየር መሳብና አክታ ማስወጣት ያቅተዋል። ፀሐይ ያላየ ልጅ እግሩ ብቻ ሳይሆን ትንፋሹም ይታመማል ማለት ነው።

ብራዚላዊው ጋሪንቻ በጠማማ እግሮቹ የ1958ና የ1962ን የዓለም ዋንጫ አንስቷል። እግሩ ግን ሲወለድ ጀምሮ እንደዚያ እንደነበር ነው የሚነገረው። ሪኬትስ ያጎበጠው የሕፃን እግር ሌላ ነገር ነው፤ በጊዜው ቢደረስለት ኖሮ ቀጥ ብሎ ያድግ የነበረ እግር ነው።

እናቶቻችን ልጅን የሚሸፋፍኑት በክፋት አይደለም። ምች እንዳይመታው፣ ብርድ እንዳይገባው፣ ዓይን እንዳያርፍበት ነው። አዋቂውም የራሱ ምክንያት አለው። አንዱ እንዳይጠቁር ጃንጥላ ይዘረጋል፣ ሌላው ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ ከጣሪያ ሥር ነው። ባሕር ተሻግረው የሄዱትም ቢሆኑ አላመለጡም። በ1995 በእስራኤል የወጣ ጥናት ከኢትዮጵያ በገቡ ሴቶች ላይ ከፍተኛ የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳገኘና በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ እንደሚብስ ገልጿል። የብሪታንያ መንግሥት ደግሞ ከ2016 ጀምሮ የአፍሪካ ተወላጆችን ጨምሮ ቆዳቸው ጠቆር ያለ ነዋሪዎቹ ክረምት ከበጋ በየቀኑ 400 ዩኒት እንዲወስዱ ይመክራል። ለንደን ያለ ወንድም ወይም እህት ያለው አንባቢ ይህቺን ያስተላልፍልን።

የማንን ደም እንመርምር?

እንግዲህ ነገሩን ስንጠቀልለው የሊቨርፑልና የማንቸስተር ተጫዋቾች ብዙም አያሳስቡም። ለእነሱ ደም የሚመረምር ሐኪም፣ የጎደለውን የሚሞላ ክለብ አላቸው። የሚያሳስበው እነሱን የሚያየው ነው።

እስቲ የእኛን ቅዳሜ እናስበው። የቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ጨዋታ ሊጀመር ሲል መጋረጃው ተጋርዶ በጨለመ ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ እንታጨቃለን። ውጪ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። እኛ ግን በዝናብና በደመና ሥር የሚሯሯጡ 22 ሰዎችን እያየን «ሩጥ እንጂ!» እያልን እንጮኻለን። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ሌላ ጨዋታ አለ፣ ከዚያም ሌላ። ስንወጣ ጨረቃ ናት። እሁድም ያው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደግሞ ቢሮ። ፀሐይዋን የሠራን እንጂ የሞቅናት መች ነው?

ልጆቹስ? ድሮ ሰፈር ውስጥ ከትምህርት መልስ ደብተር ተጥሎ ድንጋይ ጎል ሆኖ የሚጫወቱባቸው ብዙ ሜዳዎች ዛሬ ሕንፃ በቅሎባቸዋል። በቅርብ ዓመታት በየወረዳው የተሠሩት ትንንሽ ሜዳዎች ደስ ያሰኛሉ፣ ግን ልጅ ሁሉ የሚደርስባቸው አይደሉም። ሜዳ ሲጠፋ የምናማርረው ብዙውን ጊዜ «ነገ ብሔራዊ ቡድኑ ማንን ያሰልፋል?» ብለን ነው። የአዳማው ቁጥር የሚለን ግን ሌላ ነው። ከሜዳው የሚወጣው የወደፊት አጥቂ ብቻ አይደለም። አጥቂ የማይሆነው፣ አማካይም የማይሆነው፣ ዶክተር ወይም ሹፌር የሚሆነው ልጅ አጥንትም እዚያው ነው የሚሠራው።

ምን ይደረግ ታዲያ?

ቀላሉ መለኪያ ጥላ ነው። ደጅ ቆመው ጥላዎ ከቁመትዎ ካጠረ ፀሐይዋ ቫይታሚን ለመሥራት በበቂ ከፍታ ላይ ናት። ከረዘመ ጨረሩ ደካማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ጊዜ አብዛኛውን ወራት ከረፋዱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ ገና ጎህ ሲቀድ የሚሞቁት ፀሐይ ሰውነት ቢያፍታታም ለቫይታሚን ዲ እምብዛም ነው። ፊት ብቻ ሳይሆን ክንድና ባት ቢገለጡ ይመረጣል። በሳምንት ውስጥ በተለያየ ቀን ጥቂት ጥቂት ደቂቃ መውጣት በአንድ ቀን ተጥዶ ከመዋል ይሻላል። ቆዳ እስኪያቃጥል መቆየት ጥቅም የለውም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጨረሩ ይበረታል። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችንና ፀሐይ የከለከላቸው ሕመምተኞች ከዚህ ምክር ውጪ ናቸው።

ከምግብ በኩል ቫይታሚን ዲ የሚገኝባቸው ጥቂት ናቸው። ሰርዲንን የመሳሰሉ ቅባት ያላቸው ዓሦች፣ የእንቁላል አስኳልና ጉበት ይጠቀሳሉ። ሽሮና ጎመን ለሌላው ይጠቅማሉ እንጂ ለዚህ አይሆኑም። ጾም ሲሆን ደግሞ እንቁላሉና ጉበቱም ይቀራል፤ ያኔ ፀሐይ ይበልጥ ታስፈልጋለች።

ሐኪም ማማከር ያለባቸው አሉ። እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች፣ ከቤት የማይወጡ አረጋውያን፣ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚሸፈኑ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም የቲቢና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ናቸው፤ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ቫይታሚኑን ከሰውነት ያመናምናሉ። የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ወደር ባይኖረውም ቫይታሚን ዲ በውስጡ ጥቂት ነው። በብዙ አገሮች ሕፃናት በየቀኑ 400 ዩኒት በጠብታ የሚሰጣቸው ለዚህ ነው። የሕፃኑ እርግብግቢት ሳይገጥም ከዘገየ፣ ዘግይቶ ከሄደ፣ የእጁ አንጓ ከሰፋ፣ እግሩ ከጎበጠ «ሲያድግ ይስተካከላል» ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ጤነኛ የሆነ አዋቂ ደጋፊ ግን ይህን አንብቦ ነገ ጠዋት ወደ ላቦራቶሪ መሮጥ የለበትም። የአሜሪካው የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር በ2024 ባወጣው መመሪያ ጤነኛ ሰው እንዲሁ በዘልማድ እንዲመረመር አልመከረም። ኪኒኑም ተአምር አይደለም። 25,871 አሜሪካውያን ለአምስት ዓመት ገደማ በተከታተለ ጥናት በየቀኑ 2 ሺህ ዩኒት መውሰድ የልብ ሕመምንም ካንሰርን መያዝንም እንዳልቀነሰ ታይቷል። በ2022 በወጣው ውጤት ደግሞ በአጠቃላይ ጤነኞች ላይ ስብራትንም አልቀነሰም። የጎደለበትን ይሞላል እንጂ በሞላው ላይ ቢጨመር ጥቅም የለውም። ከበዛም ይጎዳል። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ በቀን ከ4 ሺህ ዩኒት በላይ መውሰድ አይመከርም። መጠን ሲያልፍ ካልሲየም በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ማቅለሽለሽና ጥማት ያመጣል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል።

ለተጫዋቾቻችን ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቫይታሚን ዲ የተከለከለ አበረታች መድኃኒት አይደለም። ነገር ግን ከገበያ የተገኘን ኪኒን ሁሉ ያለ ቡድኑ ሐኪም ዕውቅና መዋጥ አደጋ አለው። የማንቸስተር ሲቲው ኮሎ ቱሬ በ2011 ለስድስት ወር የታገደው ለማሸነፍ ብሎ ባደረገው ነገር ሳይሆን የሚስቱን የክብደት መቀነሻ ኪኒን በመውሰዱ ነበር።

በተረፈ የሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታ እንዳለ ነው፤ እንዳያመልጣችሁ። ግን ከጨዋታው በፊት ረፋዱ ላይ አንድ ኳስ ይዛችሁ ልጆቹን ወደ ሜዳ አውጧቸው። እናንተም ጥግ ይዛችሁ ስልክ አትነካኩ፤ በረኛ ሁኑላቸው። ጎል ቢገባባችሁም አትከስሩም።